በማርሽ የሚወረድ መንገድ

ሰብሰብ በሉና ስሙኝ፤ የመንገድ ወግ ላውጋችሁ።

ዘመኑ 1833 ዓ.ም. ነው፤ ወሩ ሐምሌ። ከታጁራ የተነሣ የእንግሊዞች ጓዝ የአፋርን በረሃ አቋርጦ ይፋት ገባ። የጓዙ አለቃ ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ይባላል። ለሸዋው ንጉሥ ለሣህለ ሥላሴ ከመንግሥቱ የተላከ ገጸ በረከት ይዟል፤ ከገጸ በረከቱ መካከል መድፍ አለበት። ንጉሡ ያሉት ላይ፣ አንኮበር ተራራ ላይ። ጓዙ ያለው ታች፣ ቆላው ውስጥ። በመካከላቸው ያለው ደግሞ ክረምት ያራሰው ቁልቁለት ነው፤ ለእነሱ ዳገት፣ ለሚወርድ ቁልቁለት።

ያን ሁሉ በረሃ የተሸከሙት ግመሎች እዚህ ሲደርሱ ቆሙ። ሰንፈው አይደለም። የግመል እግር ሰፊና ለስላሳ ነው፤ ለአሸዋ የተሠራ። እርጥብ ጭቃ ላይ ሲወጣ የሚቆነጥጥበት ሰኮና የለውም፤ ያንሸራትተዋል፣ እግሩ ይከፈታል፣ ከወደቀም አይነሣም። ይህን የሚያውቅ የአፋር ግመል ነጂ ማንም ቢለምነው፣ ማንም ቢያስፈራራው ግመሉን ወደ ደጋ አያወጣም። ስለዚህ ፋሬ ላይ ጭነቱ ወረደ፤ ወደ ሰው ጫንቃና ወደ ጋማ ከብት ተዛወረ፤ በአሊዩ አምባ በኩል ተራራውን ያዘ። ሃሪስም አንኮበር ደረሰ፤ በኅዳር 1834 ዓ.ም. ከንጉሡ ጋር ውል ተፈራረመ። ውሉን የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈውታል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ዳገቱ ግርጌ ላይ ጭነቱን ያወረደው፣ ስሙን ማንም ያልጻፈለት ግመል ነጂ ነው።

አሊዩ አምባ ያን ጊዜ እንዲህ ያለች ከተማ ነበረች፤ ደጋና ቆላ የሚገናኙባት፣ የሸዋ የበረሃ በር። ዓርብ ገበያዋ ሲቆም የሐረር ነጋዴ፣ አፋሩ፣ አርጎባው፣ የደጋው ገበሬ ይተራመስባታል። ጥጥ፣ ቡና፣ ጨርቅ፣ እህል ይለወጣል። በአካባቢው ሰውም ይሸጥ ነበር፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ወጌ ጎደሎ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጨው አለ። ከአሳል ሐይቅ ዳርቻ የተቆረጠ ጨው በግመል ጀርባ በረሃውን አቋርጦ ወደዚህ ይመጣል። ጨዉን ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

አሁን ከግመሉ ዘመን ወደ መኪናው ዘመን ልውሰዳችሁ። አንድ ሾፌርና አንድ ረዳት አሉ። ሁለቱን ከብዙ ሾፌርና ከብዙ ረዳት አጣምሬ ነው የማወራችሁ፤ እዚያ መንገድ ላይ ግን እንዲህ ያሉ ሰዎች ሞልተዋል። ሾፌሩን ጋሼ እንበላቸው፤ የአሊዩ አምባ ሰው ናቸው፤ በፊያት ኤንትሬ ጀምረው አይሱዙ ላይ ያረጁ። ረዳቱ የእኅታቸው ልጅ ነው፤ ጢሙ ገና ማቀምቀም የጀመረ፣ መሪ ለመጨበጥ የቸኮለ።

ኅዳር ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ አሊዩ አምባ ገና ጎህ ሳይቀድ ሊነሡ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ያህል ላይ ተዘርግታ የተቀመጠች ሜዳ ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ጥርት ይላል፤ ደመና የለ፣ ነፋስ የለ፤ መሬት ቀን የሰበሰበችው ሙቀት ወደ ሰማይ ያመልጣል። አየሩ ሰው ቁመት ላይ ገና ዜሮ ሳይደርስ መሬቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ጠዋት ሣሩ ነጭ ነው፤ ገበሬው ባቄላውን አይቶ ራሱን ይይዛል። ውርጭ ይሉታል። እህል እንደሚያቃጥል ሁሉም ያውቃል። መንገድ ላይም እንደሚተኛ የሚያውቀው ግን ሾፌር ብቻ ነው።

ጋሼ ሞተሩን አስነሥተው አልተንቀሳቀሱም። ወረዱ። አራቱንም ጎማ በእጃቸው ዳሰሱ፤ ከኋላ ያለውን በእግራቸው መቱ። ፍሬኑን ረግጠው ያዙት፤ ፔዳሉ ሳይሰምጥ ቆየ። መስታወቱን ልጁ ሙሉ በሙሉ እስኪጠርገው ጠበቁ።

«ጋሼ፣ ፊት ለፊቱን ያሳይ የለም እንዴ? እየሄድን ይለቃል» አለ ልጁ።

«እስኪለቅ ድረስ ማን ፊት ለፊታችን እንደሚመጣ ታውቃለህ?» አሉት።

መንገድ ጀመሩ። ጋሼ ድልድይ ሲያዩ ገና ከሩቅ እግራቸውን ከነዳጅ ላይ ያነሣሉ፤ ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ፍሬንም ነዳጅም አይነኩም፤ መሪውን ቀጥ አድርገው ያልፋሉ። ልጁ ምክንያቱን ጠየቀ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ መሬት ላይ የተኛ አስፋልት ከሥሩ የምድር ሙቀት ይደርሰዋል፤ ድልድይ ግን ከላይም ከታችም ብርድ ስለሚመታው ከሌላው መንገድ ቀድሞ ይቀዘቅዛል። ሌላው ቦታ ደረቅ ሆኖ ድልድዩ ላይ ስስ በረዶ ሊኖር ይችላል። የባሕር ዛፍ ጥላ ያረፈበት ኩርባም እንዲሁ ነው፤ ፀሐይ ወጥታ ሌላው ሁሉ ሲሟሟ እሱ እስከ ረፋድ ነጭ ሆኖ ይቆያል። ሰው የሚዘናጋው ያኔ ነው፤ ሞቆታል፣ ጃኬቱን አውልቋል፣ ፍጥነት ጨምሯል።

አንኮበር ደረሱ። ከተማዋ 2465 ሜትር ያህል ላይ ናት። ከዚያ በኋላ መሬቱ ይገመሳል፤ ከሥር የይፋት ቆላ፣ ከዚያ ወዲያ የአፋር ሜዳ ተዘርግቶ ይታያል። አሊዩ አምባ እታች ናት። ጋሼ አፋፉ ላይ መኪናውን አቆሙ። ልጁ ታኮውን ይዞ ዘሎ ወረደና ከጎማው ሥር አስገባ። ሽንት ቤት ለመሄድ የቆሙ መስሎት ነበር።

«ስማኝ» አሉት። «ይህን ቁልቁለት የምትወርደው እዚህ ሆነህ ነው። ታች ስትደርስ ማርሽ ልቀንስ ብትል እምቢ ይልሃል። ስትወጣ በየትኛው ማርሽ ወጣህ?»

«በሁለተኛ።»

«በሁለተኛ ትወርዳለህ። ቢስሚላህ በልና ውጣ።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው የሚያልቅበት ቦታ ይህ ስለሆነ። 10 ቶን የሚመዝን መኪና 900 ሜትር ያህል ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት የሆነ ቦታ መግባት አለበት። በፍሬን ብቻ ከተያዘ ያ ሁሉ ወደ ሙቀት ይለወጥና የፍሬኑ ሸራና ከበሮ ላይ ያርፋል። ስሌቱን ብትሠሩት ከ250 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈላ ሙቀት ነው። በርሜል ሙሉ ውሃ አንተክትኮ የሚያፈላ እሳት ጎማችሁ ውስጥ ተቀጣጠለ ማለት ነው። ከበሮው ይሰፋል፣ ሸራው መያዙን ይተዋል፣ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል፤ ያኔ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል። ዜናው «ፍሬን በጥሶ» ይላል። ብዙ ጊዜ የተበጠሰ ነገር የለም፤ አፋፉ ላይ ያልተቀነሰ ማርሽ ነው ያለው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ፎሌ አድርጎ የሚለቅ ነው። ሞተሩ ከጎማው ጋር ሲጣላ መኪናውን የሚይዘው ምንም የለም። የተሳፋሪ ነፍስ ጭኖ ስንት ብር እንደሚቆጥብ አስቤ አስቤ ሒሳቡ አልገባኝ አለኝ።

እነ ጋሼ በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እያጓራ ወረዱ። ከኋላቸው የመጣ ሚኒባስ ጡሩምባውን አንባረቀ፤ ጋሼ ሰፋ ያለ ቦታ ሲያገኙ ዳር ይዘው አሳለፉት እንጂ ፍጥነት አልጨመሩም። አሊዩ አምባ ሲደርሱ ልጁ ወርዶ እጁን ወደ ጎማው አስጠጋ፤ ሞቅ ብሏል፣ አያቃጥልም።

ሌላውን መንገድ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ከደብረ ብርሃን በጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያ ሸዋ ሮቢት። ጣሊያን በወረራው ዘመን ጣርማ በር ላይ ተራራውን በስቶ የሠራው ዋሻ 600 ሜትር ለመሙላት ጥቂት ነው የሚቀረው፤ ቦታው ከ3000 ሜትር በላይ ነው። ሸዋ ሮቢት 1300 ሜትር ያህል ላይ ናት። ይህ ሁሉ ከፍታ ከ50 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ መንገድ ይወረዳል። የአሰብ ጭነት በባቲና በኮምቦልቻ ይመጣ በነበረበት ዘመን የአገር ዕቃ በዚህ ያልፍ ነበር፤ የወሎና የትግራይ መንገደኛ ዛሬም በዚህ ያልፋል።

ጣርማ በር ጠባዩ ጉም ነው። ከአፋር በኩል የሚመጣው ሞቃትና እርጥብ አየር ገደሉን ተደግፎ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ አፋፉ ላይ ሲደርስ ጉም ይሆናል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ፀሐይ፣ ሸዋ ሮቢት ፀሐይ፣ መካከሉ ድቅድቅ ሊሆን ይችላል። ረጅሙን መብራት ያበራ ሰው ጉሙ ብርሃኑን መልሶ ዓይኑ ላይ ይጥልበታል፤ አጭሩ ነው የሚያሳይ። ጋሼ በጉም ውስጥ መስኮት ያወርዳሉ፤ ልጁ «በረደኝ» ሲል «በጆሮህም ንዳ» ይሉታል። ከፊት የሚመጣ ከባድ መኪና ሳይታይ በፊት ይሰማል።

በበልግና በክረምት ደግሞ በረዶው አለ። በቅጽበት ይወርድና አስፋልቱን ነጭ ያደርገዋል። ገና ያልሟሟ የበረዶ ጠጠር ከጎማ ሥር እንደተዘረገፈ ሽምብራ ይንከባለላል፤ መኪናው የሚሄደው መንገዱ ላይ ሳይሆን ጠጠሩ ላይ ነው። ክፉው ደግሞ ዋሻው ነው። ዋሻ ውስጥ በረዶ አይወርድም፤ ሾፌሩ እንደልቡ ይነዳና አፉ ላይ ብርሃኑ ዓይኑን ሲያጥበረብረው ጎማው ነጩ ላይ ይወጣል። ጋሼ ዋሻው ውስጥ እያሉ ነው ፍጥነት የሚቀንሱት፤ ማዶ ምን እንዳለ ሳያዩ።

ዓመታት አለፉ። ልጁ ዲቪ ደረሰው፤ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ገባ። ሲዲኤል የሚሉትን የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ አወጣ፤ ተሳቢ የሚጎትት ትልቅ መኪና ያዘ። በአሜሪካና በካናዳ ብዙ የእኛ ልጆች መሪ ይዘው ነው የሚኖሩት፤ በዋሽንግተን ታክሲ፣ በካልጋሪና በኤድመንተን ከባድ መኪና። የመጀመሪያው ብርድ ሲገባ አልፈራም። የአንኮበር ልጅ በረዶን ምን አድርጎ ይፈራል?

አንድ ንጋት ላይ ደወለ።

«አሰላሙ አለይኩም ጋሼ። ወላሂ ዛሬ ከሞት ተረፍኩ።»

የሆነው እንዲህ ነው። መንገዱ ጥቁር ነበር፤ ነጭ የሚባል አልታየውም። ከአውራ ጎዳና ወደሚወጣበት ጠምዛዛ ቁልቁለት ተቃረበ። የተማረውን አደረገ፦ ፍሬን አልነካም፣ በሞተር ያዘ። የኋላ ጎማዎቹ በድንገት ተያዙ፤ ተሳቢው ከጎኑ ሊመጣ ሲል በመስታወቱ አየው። የሞተሩን ፍሬን አጠፋ፣ ፍሪሲዮን ረገጠ፣ መሪውን ወደሚሄድበት አቅጣጫ ቀስ አድርጎ አቀና። ተሳቢው ተመለሰ። ዳር ይዞ ሲቆም ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል።

ጋሼ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ማርሽ ነበር ያስተማሩት፤ ማርሹ ነው ሊገድለው የነበረ።

ነገሩ ይህ ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ከተያዘ በኋላ 14 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል። ለስላሳ በረዶ ላይ 100 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል። በ80 ኪሎ ሜትር ደግሞ ከ250 ሜትር አያንስም፤ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የማቆሚያው ርቀት አራት እጥፍ ነውና። መሬቱ ለጎማው የሚሰጠው አያያዝ ይህን ያህል ከቀነሰ፣ በፍሬን የመጣ ድንገተኛ ጉልበት ይሁን በማርሽ የመጣ ድንገተኛ ጉልበት ለውጥ የለውም፤ ጎማው ይቆማል፣ የቆመ ጎማ ደግሞ መሪ አይሰማም። የአንኮበር መሬት ቢረጥብም ይይዛል፤ እዚያ ጠላታችሁ ሙቀት ነው። በረዶ ላይ ጠላታችሁ ድንገተኛነት ነው። ብላክ አይስ የሚሉት ደግሞ ጥቁር አይደለም፤ ከመሳሳቱ የተነሣ ሥሩ ያለው አስፋልት ይታያል፣ ዓይን መንገዱ እርጥብ ነው ብሎ ያልፈዋል። የሚያስገርመው፣ ብርዱ ዜሮ አካባቢ ሲሆን ነው በረዶው ይበልጥ የሚያንሸራትት፤ ከዜሮ በታች 20 ሲደርስ ያነሰ ይሆናል።

«እና ምን አሉህ የዚያ አገር ሰዎች?» ጠየቁ ጋሼ።

ልጁ የተነገረውን ዘረዘረ። ከፊት ካለው መኪና በሩቁ መቆየት። ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ሜዳው ላይ ሳሉ ፍጥነት መቀነስ። የሞተር ፍሬኑን በሚያንሸራትት መንገድ ላይ ማጥፋት። ለትንሿ መኪናው የክረምት ጎማ መግዛት፤ የበጋው ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች እየደረቀ ስለሚሄድ። ካናዳ ውስጥ በኬቤክ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 የክረምት ጎማ በሕግ ግዴታ ነው። ጎማ እንዳይቆም የሚከላከለው ኤቢኤስ ያለው መኪና ላይ ፍሬኑ ተረግጦ ይያዛል፣ ይንቀጠቀጣል፣ አይለቀቅም፤ ኤቢኤስ የሌለው አሮጌ መኪና ላይ ግን ረገጥ ለቀቅ እየተደረገ ነው።

«የእኔ አሮጌ ነው» አሉ ጋሼ።

«ያውቃሉ እኮ እርስዎ። ከልጅነቴ ጀምሮ ረገጥ ለቀቅ ሲያደርጉ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ማርሹን ለምን ነገርኩህ?»

«ማርሹን አይደለም የነገሩኝ። አፋፉ ላይ አቁመው ‹የምትወርደው እዚህ ሆነህ ነው› አሉኝ። እኔ ነኝ ማርሹን ብቻ ይዤ የሄድኩ።»

ስዊድን ውስጥ፣ እዚያም ወገን አለን፣ መንጃ ፈቃድ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሆን ተብሎ እንዲያንሸራትት የተሠራ መስክ ላይ መኪና ይነዳል። በአስተማሪ ክትትል ሥር መንሸራተትን ያየዋል፤ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ መሪው እንዴት እንደማይሰማ በገላው ያውቀዋል። ግዴታ ነው። እኛ ዘንድ ልምምዱ አብዛኛውን ጊዜ ሜዳ ላይ፣ በድንጋይና በእንጨት መካከል መመላለስ ነው። ፈቃዱን ያገኘው ልጅ ግን በሳምንቱ ጣርማ በርን ሊወርድ ይችላል፣ ሰው ጭኖ። ይህ ያንገበግበኛል። አንድ የቁልቁለት ቀን፣ አንድ የጉም ጠዋት፣ ከጋሼ አጠገብ ተቀምጦ ቢያሳልፍ ምን ነበረበት? ይህ አገር ተራራ ነው፤ ተራራ ላይ ነጂ በሜዳ አይመረቅም።

ልጁ ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት ሌላ ነገር ነገራቸው። በዚያ አገር በረዶ ሊወርድ ነው ሲባል የከተማው መኪና ማታውኑ እየዞረ መንገዱ ላይ ጨው ይበትናል። ጨው የገባበት ውሃ በዜሮ አይረጋም፤ ብርዱ በጣም እስኪጠነክር ድረስ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ከዜሮ በታች 10 አካባቢ ሲደርስ ግን ተራው ጨው አቅም ያንሰዋል፤ ያኔ አሸዋ ይጨመራል። ክረምት አልቆ ሰዎቹ መኪናቸውን ሲያጥቡ ሥሩ ሁሉ በጨው ዝጓል።

«ጨው?» አሉ ጋሼ። «መንገድ ላይ?»

«መንገድ ላይ። በጭነት መኪና።»

አያቶቻቸው በአሊዩ አምባ ገበያ በጨው እህል የገዙ ናቸው። ከአሳል እስከ ይፋት ስንት ግመል እንደረገፈበት ሲወራ ያደጉ። ጋሼ ነገሩን ለማመን ጊዜ ወሰደባቸው፤ ካመኑ በኋላ ግን አልፈረዱም። «ሰው የሚያድን ከሆነ ይበተን» አሉ።

የሚቀጥለው ዓመት ጥር ላይ ሚኒሶታ ውስጥ ዝናብ ጣለ። መሬቱ ከዜሮ በታች ቀዝቅዞ ዝናብ ሲጥል፣ ጠብታው መሬት ሲነካ ወዲያው ይረጋል፤ ዛፉን፣ ሽቦውን፣ መንገዱን በመስታወት ይለብጠዋል። ጨው አይደርስበትም፣ ጎማ አይይዘውም። ልጁ ጭነት ይዞ ነዳጅ ማደያ ቆሟል። ጭነት የሚመድበው ዲስፓቸር ደወለ፤ ጭነቱ ጠዋት መድረስ አለበት አለው።

«አልነሣም» አለ ልጁ።

«ሌሎቹ እየሄዱ ነው።»

«ይሂዱ። እኔ መንገዱን ወርጄ በእግሬ ረግጬ አይቼዋለሁ። ሲሟሟ እነሣለሁ።»

ሚያዝያ ላይ ተራው የጋሼ ሆነ። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭነው ወደ አዲስ አበባ ሲወጡ ደብረ ሲና ላይ ከላይ የሚወርዱ ሾፌሮች መብራት እያበሩ አስቆሟቸው፤ ጣርማ በር በረዶ ጥሏል፣ ጉም ነው፣ አይታይም። ጋሼ ከመንገዱ ወጥተው አቆሙ፤ አዲሱ ረዳት ታኮ አስገባ። የሽንኩርቱ ባለቤት ስልክ ደወለ፤ ገበያው ያመልጠኛል፣ ሽንኩርቱ ይሞቃል፣ ዋጋው ይወድቃል አለ። እውነቱን ነው፤ የደከመበት ገንዘቡ ነው።

«ሸራውን ገልጠን አየር እናስገባለታለን» አሉት ጋሼ። «ይህን ያህል ማድረግ እችላለሁ። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ፣ ኢንሻአላህ፣ እነሣለሁ።»

«ካልሆነስ?»

«ካልሆነ ከሰዓት።»

ከዚያ ረዳቱን ጠሩና ሸራውን ከሁለቱም ጎን ፈቱት።